የነፋስ ስልክ ቀመር፦ በሣርና በደን ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ አጥቢዎችና ብዝኃ ሕይወታቸው

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ መሣሪያ ነው። ገመድ የሌለው፣ በአየር የሚሄድ ቃል ለአገሩ ሰው እንግዳ በነበረበት ዘመን “ነፋስ ስልክ” ከማለት የተሻለ ስም አልተገኘለትም። ዛሬ በዚያው ሰፈር የሚኖር ተማሪ የእጅ ስልኩን በኪሱ ይዞ ሲመላለስ ስለ ስሙ አመጣጥ ብዙም አያስብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ጉዳይ ከዚህ ስም ጋር ያልተጠበቀ ዝምድና አለው። ለስልክና ለቴሌግራፍ መልእክት ተብሎ የተገኘ አንድ የሂሳብ ቀመር፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች በሣር ሜዳና በደን ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ አጥቢ እንስሳትን ብዝኃነት የሚለኩበት መሣሪያ ሆኗልና።

ከጀሞ ወይም ከለቡ ሆኖ ወደ ፉሪ ተራራ አሻግሮ የሚመለከት ሰው የከተማችንን የመስፋፋት ታሪክ በአንድ ዕይታ ያነባል። ከፊት ለፊት የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ገና በመሠራት ላይ ያሉ ሕንጻዎች፣ ከእነርሱ ባሻገር የባሕር ዛፍ ተክል፣ እዚህም እዚያም የተረፈ የግጦሽ መሬት፣ ዝቅ ብሎም የትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ ይታያል። አብዛኛው ሕንጻ የቆመበት ቦታ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የጤፍ ማሳና የከብት መዋያ ሜዳ ነበር። መሬቱ ሲቆፈር የሚፈርሰው ጎጆ፣ የሚሰደደው ቤተሰብ የሰው ብቻ አይደለም። ከሣሩ ሥርና ከአፈሩ ውስጥ ሌላ ሕዝብ ነበር። ይህ ሕዝብ ካሳ አይጠይቅም፤ ስሙም በምንም መዝገብ አይገኝም። እኛም ባየነው ጊዜ “አይጥ” ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን።

የፊዚክስ መምህር ስለ አይጥ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። የእነዚህ እንስሳት ኑሮ የሚገዛው በሙቀት፣ በስፋትና በይዘት ሕግጋት ነው፤ ብዛታቸውና ስብጥራቸው የሚለካው ደግሞ ከፊዚክስና ከቴሌኮሙኒኬሽን በተወሰደ ቀመር ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የጎረቤት ቤት ቢሆንም በሩ ወደ እኛም ግቢ ይከፈታል ማለት ነው።

ከ“አይጥ” ስም በስተጀርባ

ትንንሽ አጥቢዎች ስንል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በዋናነት ሁለት ወገኖችን ማለታችን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቆርጣሚዎች ናቸው፤ ዕድሜ ልክ የሚያድጉ የፊት ጥርሶች አሏቸውና እየቆረጠሙ ካላሳጠሯቸው ጥርሶቹ ራሳቸው ይገድሏቸዋል። ልዩ ልዩ አይጦችና ፍልፈል ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ አይጥ የሚመስሉ፣ ነገር ግን አይጥ ያልሆኑ፣ አፍንጫቸው ሹል የሆነና ነፍሳትን እያደኑ የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። በእንግሊዝኛ ሽሩ ይባላሉ፤ እኛ እዚህ “ሹለ አፍንጫ” እንበላቸው። አይጥና ሹለ አፍንጫ በሩቁ ቢመሳሰሉም በዘር ሐረግ ይራራቃሉ፤ ሹለ አፍንጫ ከአይጥ ይልቅ ለሌሊት ወፍ ትቀርባለች።

በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር የሚኖሩት እነዚህ እንስሳት ለሳይንስ የታወቁት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው። የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆኑት ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ብዙ እንስሳትን ሰብስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1842 ከሰየሟቸው መካከል ነጭ እግር ያላት የደን አይጥና በባሌ የሚኖረው ግዙፉ ፍልፈል ይገኙበታል። ግዙፉ ፍልፈል በአገራችን ደጋዎች ብቻ የሚገኝ ነው።

ባለ ነጭ እግሯ አይጥ ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ሩቅ ጎረቤት አይደለችም። ከክፍለ ከተማው ተነስቶ በሰበታ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ የሚሄድ ሰው ከመናገሻ ሱባ ደን ይደርሳል። ይህ ደን በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር የተተከለ ነው። በዚህ ደን ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአጥቢ እንስሳት ተመራማሪ ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ የአይጦችን ኑሮ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱን አሳትመዋል። የጥናታቸው ማዕከል ይህችው ባለ ነጭ እግር አይጥ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የደን ይዞታና የከፍታ መጠን ለዚህች አይጥ ሥርጭት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ከቤልጂየማዊው ተመራማሪ ከሄርቪግ ሌይርስ ጋር በመካከለኛው ኢትዮጵያ በበቆሎ ማሳና በሣር መሬት የሚኖሩትን አይጦች የሚመለከት ሥራ አውጥተዋል። የደኑንና የሜዳውን ነዋሪዎች ለየብቻ የማጥናት ልማድ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የሰደደው በእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ነው።

ሜዳውና ደኑ የየራሳቸው ነዋሪ አላቸው። በሣር ሜዳ በቀን የምትንቀሳቀሰው የሣር አይጥ በሣሩ መካከል የተደላደለ መንገድ እየሠራች ከጉድጓዷ ወደ መኖዋ ትመላለሳለች። ፀጉሯ እንደ ብሩሽ የቆመው ሌላዋ አይጥ ከዕፀዋት በተጨማሪ ነፍሳትን አዘውትራ ትመገባለች። ፍልፈል አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ሥራ ሥር እየበላ አፈሩን ከታች ወደ ላይ ይገለብጣል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል “አይጥ” ማለት፣ አናጢውን፣ ሸማኔውንና አራሹን “ሰው” ብቻ ብሎ እንደማለፍ ነው፤ ስህተት የለውም፣ ግን ምንም አይነግረንም።

ትንሽነት የሚያስከፍለው ዋጋ

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው፤ ይዘቱ ደግሞ 1 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ገጹ 600፣ ይዘቱ 1,000 ነው። ትንሹ ኩብ ለእያንዳንዱ ኩብ ሴንቲ ሜትር ይዘቱ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ሲኖረው ትልቁ ግን 0.6 ብቻ አለው። ሙቀት የሚመነጨው በአካል ውስጥ፣ የሚባክነው ግን በገጽ በኩል ነው። ስለዚህ አካል ባነሰ ቁጥር የሙቀት ብክነቱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ጋን ቀድማ የምትበርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ማክስ ክላይበር የተባሉ ሳይንቲስት የልዩ ልዩ እንስሳትን የኃይል ፍጆታ አነጻጽረው፣ ፍጆታው ከክብደት ሦስት አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አመለከቱ። በዚህ ሕግ መሠረት 3 ግራም የምትመዝን ሹለ አፍንጫና 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ቢነጻጸሩ፣ አንዱ የሹለ አፍንጫዋ ግራም ከአንዱ የሰው ግራም 12 እጥፍ ያህል ኃይል ያቃጥላል። እኛ ከቁርስ እስከ እራት ሳንበላ ብንውል እንራባለን እንጂ አንሞትም። ለእርሷ ግን ያለ ምግብ ረጅም ሰዓት መቆየት ሞት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዝኃ ሕይወት ትልቅ ትርጉም አለው። ይህን የመሰለ ዕዳ ያለበት እንስሳ ሩቅ መሄድ አይችልም። ምግቡ፣ መሸሸጊያውና የሚሞቅበት ጎጆ ሁሉ በጥቂት እርምጃ ውስጥ መገኘት አለባቸው። የአንዲት የዱር አይጥ የኑሮ ክልል ብዙውን ጊዜ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ አይሰፋም። ለእኛ ተራ የሆነ የአስፋልት መንገድ ወይም የግንብ አጥር ለእርሷ የአገር ድንበር ነው። ዝሆን ደኑ ቢቆረጥ ሌላ ደን ፍለጋ ይሄዳል፤ አይጥ ግን ሜዳዋ ሲጠፋ አብራው ትጠፋለች።

የአየሩ ሁኔታ ራሱ ሜዳውንና ደኑን ይለያቸዋል። አዲስ አበባ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም መሬት በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት በኢንፍራሬድ ጨረር አማካይነት ወደ ሰማይ ትመልሳለች፤ የሚሸፍናት ደመና ከሌለ ደግሞ በፍጥነት ትቀዘቅዛለች። በደን ውስጥ የዛፎቹ ቅጠል እንደ ብርድ ልብስ ይህን ጨረር ይይዛል፣ በቀንም ፀሐይን ይጋርዳል። ስለዚህ በደን ውስጥ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከሜዳው ያነሰ ነው።

የሜዳው ነዋሪ ግን ሌላ ብርድ ልብስ አለው፤ እርሱም አፈር ነው። የቀንና የሌሊት የሙቀት መለዋወጥ እንደ ሞገድ ወደ አፈር ውስጥ ይዘልቃል፤ ሆኖም በጥልቀት እየተዳከመ ይሄዳል። መጠነኛ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ይህ ሞገድ በየ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ወደ ሲሶ ገደማ ዝቅ ይላል። በ35 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከላይ ካለው መለዋወጥ የሚቀረው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከላይ ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ በሆነበት ሌሊት፣ ክንድ ባልሞላ ጥልቀት ውስጥ የተኛችው አይጥ ስለ ውርጩ ምንም አታውቅም። ይህን ስሌት የሙቀት ፍሰት ትምህርት የወሰደ ማንኛውም ተማሪ በግማሽ ገጽ ሊሠራው ይችላል። አይጧ ግን ሳትሰላ ታውቀዋለች።

ስለሆነም ሜዳን በዛፍ መሸፈን ሁልጊዜ ተፈጥሮን መርዳት አይደለም። በሣር ውስጥ ለመኖር የተሠራ ፍጥረት ባሕር ዛፍ በተተከለበት፣ ከሥሩ ሣር በሳሳበት መሬት ላይ ቤቱን አያገኝም። የደን ነዋሪዋ ባለ ነጭ እግር አይጥም እንዲሁ በተራቆተ ሜዳ ላይ አትኖርም። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም።

ቁንጫ ተሸካሚና የቀበሮ ቀለብ

ስለነዚህ እንስሳት ስንጽፍ ጉዳታቸውን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። በማሳ ውስጥ የሚራቡ አይጦች በእህል ላይ ከባድ ጥፋት ያደርሳሉ፤ ቁንጫቸውም በሽታ ያስተላልፋል። በትግራይ ደጋማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፉበት ጥናት፣ ለአፈር ጥበቃ የተሠሩ የድንጋይ እርከኖች በተቀራረቡበት ማሳ ውስጥ አይጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። አፈሩን ያዳነው ድንጋይ ለአይጧም ቤት ሆነላት ማለት ነው። ለአንዱ ጥሩ የሆነ ሥራ ለሌላው ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ መለካት እንደሚያስፈልግ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ያለ እነርሱ የማይኖሩ አሉ። በዓለም ላይ በጠቅላላ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ሕይወቱ የተመሠረተው በአይጥ ላይ ነው። በባሌ ተራሮች በተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደታተመው፣ ቀበሮዎቹ ከሚያድኗቸው እንስሳት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቆርጣሚዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ግዙፉ ፍልፈል ትልቁን ቦታ ይይዛል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ የሣር ምድር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አስገራሚ ነገር አስመዝግቧል። ቀበሮ ለብቻው ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ጊዜ ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከ3 ሙከራ 2ቱ ይሳካለታል። ሣሩ፣ አይጧ፣ ጭላዳውና ቀበሮው በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው።

የሰው ልጅም ከዚህ ክር ውጭ አልነበረም። በባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በተባለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የዐለት ጥላ ሥር የተካሄደ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚያ ብርዳማ ቦታ ይኖሩ እንደነበር አረጋግጧል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም ዋነኛ ምግባቸው ምን እንደነበርም ተገልጿል፤ በእሳት የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል። እንግዲህ ከአያቶቻችን አንዳንዶቹ በዚያ ውርጭ የቆዩት ዛሬ ስሙን እንኳ ለይተን በማንጠራው ፍጥረት ሥጋ ነው።

እንዴት ይቆጠራሉ?

የማይታይን ሕዝብ መቁጠር ቀላል አይደለም። በአገራችን በተለመደው አሠራር ተመራማሪው በሚያጠናው ሜዳ ወይም ደን ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት 7 በ7 አድርጎ 49 ወጥመዶችን ያኖራል። ወጥመዶቹ እንስሳውን ሳይጎዱ በሕይወት የሚይዙ የአሉሚኒየም ሳጥኖች ናቸው። ማጥመጃው የለውዝ ቅቤና የገብስ ዱቄት ድብልቅ ሊሆን ይችላል። የተያዘው እንስሳ ይመዘናል፣ ፆታው ይለያል፣ ምልክት ይደረግበትና በተያዘበት ቦታ ይለቀቃል።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ይመጣል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር 30 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። በሁለተኛው ዙር 25 ሲያዙ 10ሩ ምልክት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከ25ቱ 10ሩ ማለት 40 በመቶ ነው። ምልክት የተደረገባቸው በሌሎቹ መካከል በእኩል ተሰራጭተው ከሆነ፣ 30ዎቹ ከጠቅላላው 40 በመቶ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በቦታው 75 ያህል አይጦች አሉ። ይህን ዘዴ ዴንማርካዊው ፒተርሰን ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ለዳክዬ ተጠቅመውበታል።

ነገር ግን ብዛትና ብዝኃነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። ቀመሩም እዚህ ላይ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበሩት ክሎድ ሻነን የአንድን መልእክት የመረጃ መጠን ለመለካት የሚያስችል ቀመር አቀረቡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በቴሌግራፍ የሚመጣው ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀጣዩን ፊደል አስቀድመን እናውቀዋለንና መልእክቱ ምንም አይነግረንም። ፊደላቱ ብዙና ተመጣጣኝ ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ፊደል አዲስ ነገር ይነግረናል። ቀመሩ የእያንዳንዱን ፊደል ድርሻ በዚያው ድርሻ ሎጋሪዝም አባዝቶ፣ ሁሉንም ደምሮ፣ ምልክቱን ወደ አዎንታዊ መለወጥ ነው። ይህ ቀመር ሉድቪግ ቦልትዝማን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጋዝ ሞለኪውሎች ካቀረቡት የኢንትሮፒ ሐሳብ ጋር መልኩ አንድ መሆኑ ለፊዚክስ ተማሪዎች የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ እንደ ስፔናዊው ራሞን ማርጋሌፍ ያሉ የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት በፊደል ፋንታ ዝርያን ተክተው ተጠቀሙበት።

በምሳሌ እንየው። በአንድ የሣር ሜዳ 40 እንስሳት ተያዙ እንበል፤ ከ5 ዝርያ ሆነው 20፣ 10፣ 6፣ 3 እና 1። ቀመሩ 1.26 ይሰጠናል። ይህን ወደ ዝርያ ቁጥር ለመመለስ 2.718ን በ1.26 ርቢ ከፍ ስናደርግ 3.5 ገደማ እናገኛለን። ይኸውም ሜዳው በእኩል መጠን የሚኖሩ 3.5 ያህል ዝርያዎች ያሉበትን ሜዳ ያህል ብዝኃነት አለው ማለት ነው። አሁን ያ ሜዳ ተቆፍሮ ሰፈር ሆነ፤ ቆሻሻ መጣያው በዛ፤ በዚያው ስፋት ላይ 100 እንስሳት ተያዙ። ነገር ግን 90ዎቹ የቤት አይጥ፣ 10ሩ ትልቁ ጥቁር አይጥ ሆኑ። ቀመሩ አሁን 0.33 ይሰጠናል፤ ወደ ዝርያ ሲመለስ 1.4 ነው። እንስሳቱ ከ40 ወደ 100 ሲያድጉ ብዝኃነቱ ከ3.5 ወደ 1.4 ወረደ። የቤት አይጥና ጥቁር አይጥ ሁለቱም ሰውን ተከትለው ከሌላ ዓለም የመጡ፣ በየትኛውም የዓለም ከተማ የሚገኙ ናቸው። ለመራባትም ከጎተራና ከቆሻሻ ክምር በቀር ብዙ አይፈልጉም።

“በሰፈራችን አይጥ በዝቷል” የሚለው የነዋሪው እሮሮና “የአገራችን ትንንሽ አጥቢዎች እየጠፉ ነው” የሚለው የባለሙያው ሥጋት እንግዲህ አይጋጩም። ሁለቱም የአንድ ለውጥ ሁለት ገጾች ናቸው። መልእክቱ ረዝሟል፤ የሚደጋገመው ግን አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ሳይለካ የሚጠፋ

ልኬት በጊዜው ሲደረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሰሜን ተራሮች የተገኘ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ባልደረባ ዊልፍሬድ ኦስጉድ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጉዞ በስሜን ተራሮች ትንንሽ አጥቢዎችን ሰብስበው፣ የት ቦታና በምን ያህል ከፍታ እንደተያዙ መዝግበዋል። ከ88 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የዚያው ሙዚየም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከዮናስ መኸረቱና ከሌሎች ጋር ሆነው ወደ ስሜን ተመለሱ። በልዩ ልዩ ከፍታ ላይ ወጥመድ አኑረው ያገኙትን ከጥንቱ መዝገብ ጋር አነጻጸሩ። በዚያ ሥራ ላይ ከተገኙት መካከል 3 ግራም ያህል የምትመዝን ሹለ አፍንጫ ነበረች። የመስክ ሥራውን ይመሩ የነበሩት ዊሊያም ስታንሊ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ሳሉ ድንገት ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ያች ትንሽ ፍጥረት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗ ሲገለጽ በስማቸው ክሮሲዱራ ስታንሌዪ ተባለች። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ 45 ዓመት በሞላው ፓርክ ውስጥ ስም ያልነበራት አጥቢ እንስሳ ተገኘች ማለት ነው።

ከዚያው የ1927 ጉዞ የቀረ ሌላ ታሪክ ግን ያሳዝናል። ከትንሹ ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት በውኃ ውስጥ የምታድን አይጥ ተይዛ ነበር። ኦስጉድ እ.ኤ.አ. በ1928 አዲስ ዝርያ መሆኗን ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዘር ሐረጓን የሚመለከት ጥናት ሲታተም ተመራማሪዎቹ ዘረ መል ለመውሰድ የነበራቸው ያችው በቺካጎ የተቀመጠች አንዲት ናሙና ብቻ ነበረች። በምንጩ ዙሪያ ያለው መሬት ከዚያ ወዲህ በእርሻና በግጦሽ ብዙ ተለውጧል። ያች አይጥ ባትያዝ ኖሮ፣ መኖሯን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

የነፋስ ስልክ ላፍቶን የሣር መሬቶችና የወንዝ ዳርቻዎች ስናስብ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ነው። ከተማው ማደግ የለበትም የሚል ሐሳብ ጸሐፊው የለውም፤ ቤት ለሌለው ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ነገር ግን መሬት ከመቆፈሩ በፊት የአፈሩን ጥንካሬ የሚለካ መሐንዲስ እንደሚላክ ሁሉ፣ በላዩ የሚኖረውን የሚለካ የሥነ ሕይወት ተማሪ ቢላክ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። 49 ሳጥኖች፣ ጥቂት የለውዝ ቅቤ፣ ሚዛንና የማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። በትንሹ አቃቂ ዳርቻ በሚሠሩ የመናፈሻ ሥራዎችም ሁሉንም መሬት በታጨደ መስክና በድንጋይ ንጣፍ ከመሸፈን ይልቅ፣ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ያልተቋረጠ ጠባብ ንጣፍ በወንዙ ግራና ቀኝ መተው ይቻላል። የኑሮ ክልሏ ከእግር ኳስ ሜዳ ለማይሰፋ ፍጥረት ያ ንጣፍ አውራ ጎዳና ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የሚሆን ሥራ አለ። ጉጉት የምታድርበት ዛፍ ወይም አሮጌ ሕንጻ በሰፈራችሁ ካለ ከሥሩ ፈልጉ። ጉጉት የዋጠችውን አይጥ ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ ትመልሰዋለች። ያን ድቡልቡል ነገር በጓንት ይዛችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁና በጥንቃቄ ፈታታችሁ ብታዩት የራስ ቅሎችና መንጋጋዎች ታገኛላችሁ። ቢጫማ ረጃጅም የፊት ጥርሶች ያሉት የአይጥ ነው፤ ትንንሽ ሹል ጥርሶች በረድፍ ያሉት የሹለ አፍንጫ ነው። በየዓይነቱ ለይታችሁ ቁጠሩ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ቀመሩን አስገቡ። የሚመጣው ዓመት ተማሪ ከእናንተ ቁጥር ጋር ያነጻጽራል።

ኦስጉድ ማስታወሻቸውን ሲጽፉ ከ88 ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው አላወቁም። ሆኖም ጽፈው ስላኖሩ ዛሬ የምናነጻጽርበት ነገር አለን። ነፋስ ስልክ ይሉት የነበረው መሣሪያም ሥራው ይኸው ነበር፤ የላኪውንና የተቀባዩን ርቀት አጥፍቶ ቃሉን ማድረስ። ከፉሪ ሥር ባለው ሣር ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ስማቸው፣ ብዛታቸውና ስብጥራቸው ዛሬ በደብተር ላይ ቢሰፍር፣ ሜዳው ቢቀርም ቢለወጥም ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ምን እንደነበረ ያውቃል፤ ሊመልሰው ከፈለገም ምን እንደሚመልስ ያውቃል።